የማይለቅ ልጓም

በአገራችን ስለ ፍሬን ሲወራ የሚወራው ስለ መበጠሱ ነው። «ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ» የሚለውን ዜና እየሰማን ነው ያደግነው። ሰውም ቢሆን ንግግሩ ወይም መጠጡ ልክ ሲያጣ «ይሄ ሰውዬ ፍሬን የለውም» ይባላል። ፍሬን አልለቅ ብሎ ሰው አለቀ ሲባል ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ አንባቢም የሰማ አይመስለኝም። የያዘ ፍሬን እንደ ጥንቁቅ ሰው ነው የሚቆጠረው። ቢበዛ ነዳጅ ይበላል፣ ሸራ ይጨርሳል፣ ትንሽ ይሸታል። «ከሚበጠስ ይሻላል» ተብሎ ይታለፋል።

እኔ ላወራ የተነሣሁት ስለዚሁ ስለሚታለፈው ነው። የማይለቀውና የሚበጠሰው ለየቅል የሆኑ በሽታዎች አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው የሌላኛው ዋዜማ ነው።

«ፍሬን» የሚለው ቃል እንደ አብዛኛው የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያን የተገኘ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መድፉንና ባንዲራውን ይዞ ሄደ፤ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ኩሽኔታውን፣ ታምቡሩንና ጎሚስታውን ግን ለእኛ ትቶልን ሄደ። ሠራዊቱ ሲሸነፍ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ የከፈቱ ጣሊያኖችም ስለነበሩ ቃላቱ በልጅ በልጅ ልጅ ወርደው እነሆ ዛሬም መፍቻ ባለበት ሁሉ አሉ። ታዲያ ጣሊያኖቹ ፍሬኖ የሚሉት ቃል ከመኪና በፊት የነበረ ነው፤ የፈረስ ልጓም ማለት ነበር። ላቲኑም እንዲሁ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የመኪናን ፍሬን የማየው በባላገር ዓይን ነው። ልጓም ሁለት ሥራ አለው፤ ሲሳብ መያዝ፣ ሲላላ መልቀቅ። ልጓሙ ቀኑን ሙሉ የተሳበባት በቅሎ መጀመሪያ አፏ ይቆስላል፤ ኋላ ቁስሉ ይደነድንና ቢስቧትም አትሰማም። የመኪናውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አርቦሬን ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን ላመልክት። ከኮንሶ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ ወይጦ ይደረሳል። ከወይጦ ቀጥታ ሽቅብ የወጣ ቀይ አፈርን አልፎ የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ጂንካ ይገባል። ወደ ደቡብ የታጠፈ ግን የወይጦን ወንዝ ተከትሎ በግራርና በቁጥቋጦ መሐል ይወርድና ሜዳው ላይ አርቦሬን ያገኛል። ወንዙ የሚያልቀው ጨው ባሕር ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ሁለት አውሮፓውያን አገር አሳሾች ቴሌኪና ፎን ሄነል እዚያ ደርሰው በአንዲት ልዕልት ስም «ስቴፋኒ» ብለውት ነበር፤ ባሕሩ ግን ስሙን የተቀበለ አይመስልም፤ አንዳንድ ዘመን ይደርቃል፣ አንዳንድ ዘመን ይመለሳል፣ በጨውነቱም ይጠራል። ያ አካባቢ ሁሉ ዝቅ ያለ፣ ለጥ ያለና የሚያቃጥል ነው።

ለጥ ያለ መሆኑ ለዚህ ታሪክ ያስፈልጋል። እኔ አርቦሬ የተቀመጥኩት ለሥራ ነው፤ የማሽከረክረውም አሮጌ የጃፓን ሥሪት ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ነው። ሜዳ ላይ ፍሬን የሚያስይዘው ከብትና ፍየል ብቻ ነው። ቢሆንም የያዘ ፍሬን ራሱን የሚያጋልጠው በሜዳ ነው። በዳገት መኪና ቢከብድ ዳገቱ ነው ይባላል፤ በቁልቁለት ቢይዝ ደግሞ ማን ይጠላል? በሜዳ ግን ሰበብ የለም።

አንድ ማክሰኞ ከወይጦ ስመለስ መኪናው ከበደኝ። ነዳጁን ስለቅ በራሱ ጉልበት መንሸራተት ሲገባው አንድ ሰው ከኋላ ጨምድዶ እንደያዘው ቀስ አለ። ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጌ ብሞክረው በጥቂት እርምጃ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወርጄ ወደ ኋላ ስሄድ ሽታው ተቀበለኝ፤ የተቃጠለ ፀጉርና የተቃጠለ ላስቲክ የተደባለቀበት፣ አንዴ ያሸተተው የማይረሳው ሽታ ነው። እጄን ቸርኬው ላይ ሳላሳርፍ ከስንዝር ርቀት ላይ አቆምኩት፤ የምጣድ ወላፈን ነበር። በቀኝ በኩል ዞርኩ፤ ያው ነው። የፊቶቹ ግን ለብ ከማለት አላለፉም።

ይህ ማነጻጸር ተራ ነገር ይመስላል፤ ከግማሽ በላይ የሆነውን ምርመራ የሚጨርሰው ግን እሱ ነው። አንድ ጎማ ብቻ ቢግል ኖሮ ጥፋቱ እዚያው ጎማ ውስጥ ነው፤ ወይ ሸራውን የሚመልሰው ሞላ ደክሟል፣ ወይ ትንሿ ሲሊንደር ዝጋ ደርቃለች፣ ወይ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ ያጉረመርማል፤ ጎማውን ይዘው ሲወዘውዙትም ይላወሳል። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ሲግሉ ግን ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር መፈለግ ነው። የሚጋሩት ብዙ አይደለም፤ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ፣ የፍሬን ማስተሩን፣ ከእሱም ወደ ኋላ የሚሄደውን የዘይት መስመር።

እየዘገምኩና እያሳረፍኩ ቤት ስደርስ የጎረቤት ልጆች ጭሱን አይተው ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ እየሮጠች ሄዳ ውሃ በቅል ይዛ መጣች። ውሃ ከወንዝ ተሸክመው በሚያመጡበት ቀዬ ያ ቅል ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ ይገባኛል። ሆኖም የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም፤ ብረቱ በአንድ ጊዜ ሲኮማተር ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ውሃውን ተቀብዬ እኔው ጠጣሁት። ልጆቹ ሳቁ። መኪናው እንደጋለ ጥላ ሥር ቆመ።

እዚያ ሰፈር አንድ ወጣት ጎሚስታ አለ። ሞተር ሳይክል በዝቶ ከመጣ ወዲህ ጎማ የሚለጥፈውም፣ ካርቡራተር የሚያጥበውም እሱ ነው። አማርኛው ከእኔ የጋራዥ ጣሊያንኛ ይሻላል። ሲመሽ መጥቶ የኋላውን በክሪክ አነሳን፤ ለፊቶቹ ጎማዎች ታኮ አደረግን፣ ከሥር ጉማጅ ግንድ አስገባን። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ድፍረት አይባልም። ጎማውን በእጁ ቢያዞረው ተሽከረከረ። ሌላኛውም እንዲሁ።

«ጋሼ፣ ድኗል እኮ!» አለኝ።

አልዳነም፤ ቀዝቅዞ ነው። ብዙ ባለመኪና የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ጋራዥ ይወስደዋል፤ ሲደርስ በርዷል፤ ሜካኒኩ አዙሮ ያየውና «ምንም የለበትም» ይለዋል። በሽታውን ለማየት በሽታውን መቀስቀስ ያስፈልጋል። ጋቢና ገብቼ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ አጥብቄ ረገጥኩና ለቀቅሁ። «አሁን አዙረው» አልኩት። ሁለት እጁን አስገብቶ ቢታገል ጎማው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የሜካኒክነት ሳይሆን የዳኝነት ሥራ ነው፤ ምስክር በምስክር እየለዩ መሄድ። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ከመያዣው ፈታን። ጎማው እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ ሽቦው ነፃ ወጣ፤ በአቧራና በጭቃ ብዛት ቢጠረጠርም አልነበረበትም። ቀጥሎ በፔዳሉና በማስተሩ መካከል ያለችውን ትንሽ ክፍተት አየሁ። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ባዶውን መሄድ አለበት፤ ያቺ ክፍተት ከሌለች ዘይቱ ወደ ጋኑ የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተደፈነች ትቀራለች፤ ዘይቱ ሲሞቅ ያብጣል፣ መሄጃ ሲያጣ ራሱ ፍሬን ይረግጣል። ክፍተቷ ነበረች። ማስተሩ ግን በዚህ ብቻ ነፃ አይባልም።

የቀረው ፍርድ ያለው በሁለት ቡሎኖች ላይ ነበር። የብረቱ የዘይት መስመር ከሻንሲው ተነሥቶ የኋላው አክሰል ጋ ሲደርስ በአንዲት የጎማ ቱቦ ይቀጥላል፤ አክሰሉ ስለሚዘል ብረት አይሆንም። ከቱቦዋ በኋላ ነው መስመሩ ለግራና ለቀኝ የሚከፈለው። ጎማዎቹ እንደያዙ በመጀመሪያ ከቱቦዋ በላይ ያለውን መጋጠሚያ ላላ አደረግሁ። ጥቂት ዘይት ተንጠባጠበ። «አዙር» አልኩት፤ እንደያዘ ነው። ጥፋቱ ማስተሩ ጋ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ መልቀቅ ነበረበት። መልሼ አጠበቅሁና አሁን ከቱቦዋ በታች፣ በግራው ጎማ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በ10 ቁጥር ቁልፍ ሩብ ዙር ፈታኋት። ዘይቱ ሲሪንጅ እንደተጫነ ፊጭ አለ፤ ልጁም ጎማውን እንደያዘ ወደፊት ሊደፋ ነበር፤ ተለቀቀ። የቀኙም አብሮ ተለቀቀ።

ስለዚህ እስረኛው ዘይት፣ አሳሪዋም ያቺ አንድ ስንዝር ተኩል የማትሞላ ቱቦ ነበረች። እንዴት ታስራለች? ከውጭ ስትታይ ምንም የላትም፤ አልተሰነጠቀች፣ አላፈሰሰች። ከውስጥ ግን ላስቲኩ በዕድሜና በሙቀት ያብጥና ቀዳዳዋ እንደ መርፌ ዓይን ትጠባለች፤ አንዳንዴም የውስጡ ሽፋን ይላጥና እንደ በር ይወዘወዛል። እግር ሲረግጥ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ዘይቱ በግድ ያልፋል። ሲመለስ የሚገፋው የሞላዎቹ ጉልበት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሩን አይከፍትም። መግቢያ ያለው መውጫ የሌለው ቤት ሆነ ማለት ነው። ሲያድር ቀስ ብሎ ያንጠፈጥፈዋል፤ ጠዋት መኪናው ጤነኛ ነው። ሥራ ሲጀምር እንደገና ይይዛል፤ ሲይዝ ይግላል፤ ሲግል የታሰረው ዘይት ያብጣል፤ ሲያብጥ የባሰ ይይዛል። አዙሪት ነው። ታምቡሩን ከፍተን ስናይ ሸራዎቹ እንደ መስታወት ያብለጨልጩ ነበር። (እግረ መንገዴን፦ ታምቡር ሲከፈት ያለውን ብናኝ በአፍ እፍ ማለት ክፉ ልማድ ነው። አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ ሳንባ ውስጥ የገባ አይወጣም። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ላስቲኮቹንም በናፍጣ ማጠብ አይገባም፤ በፍሬን ጋን ውስጥ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።)

ማታውኑ ጂንካ ደውዬ ቱቦዋን አዘዝኩ። በመጀመሪያው መኪና እንደሚልኩልኝ፣ እሱም ከዓርብ በፊት እንደማይሆን ነገሩኝ።

ችግሩ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው፤ እኔም ለሥራ እዚያው እሄድ ነበርና አምስት የሰፈር ሰዎች ከፍየሎቻቸው ጋር ከኋላ ሊሳፈሩ ተነጋግረናል። ከእነሱ አንዷ ጂንካ የሚማር ልጅ ያላቸው እናት ናቸው፤ ሁለት ፍየል ሸጠው ገንዘቡን እዚያው ለሚያደርስ ሰው ሊሰጡ ነው። አይሱዙ ቢሳፈሩ ለሰውም ለፍየልም ይከፈላል፤ ትርፉን መንገድ ይበላዋል።

ረቡዕ ዕለት አንድ መንገደኛ ሾፌር ጎራ ብሎ መድኃኒቱን ነገረኝ፤ የኋላውን መስመር መቆንጠጥና በፊቱ ፍሬን ብቻ መሄድ። «እኔ ስንቴ አድርጌዋለሁ! ዋናው ፍሬን የፊቱ አይደል?» አለ። ውሸት አይደለም። መኪና ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ብዙ ሰውም እንዲህ እያደረገ አገሩ ገብቷል። ያልገባው ግን መጥቶ አይነግረንም።

ሒሳቡን በጀርባ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ከፊሉን ይሸከማል፤ የቀረው በሙሉ ወደ ፍሬኑ ብረት ይገባል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ሲታሸግ የሚፈላበት መለኪያ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ዘይቱ ከፈላ በመስመሩ ውስጥ ትነት ይፈጠራል፤ ትነት እንደ አየር ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይሰማም። በዜና «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የተበጠሰ ነገር የለም፣ የፈላ ነገር አለ። ገደሉ ሥር ሲደርሱ መስመሩ በርዶ ትነቱ ወደ ዘይትነቱ ስለሚመለስ ምርመራውም አያገኘው ይሆናል። የእኔ ዘይት ማክሰኞ ዕለት ሲቀቀል የዋለ ነው። የኋላውን ቆንጥጬ፣ የአራቱን ጭነት በሁለቱ ላይ ጥዬ፣ አምስት ሰውና ፍየል ይዤ የቀይ አፈርን ቁልቁለት ወደ ወይጦ ስወርድ የሚሆነውን ማሰብ ብዙ ምናብ አይጠይቅም። ሲኬድማ ዳገት ነው፤ ይወጣል። ነገሩ ያለው መመለሱ ላይ ነው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሰዎቹ ከነፍየሎቻቸው ደጄ ቆመዋል። ጎሚስታው አስተረጎመልኝ። እኒያ እናት መኪናውን ዞረው አዩት፤ ጎማዎቹ አሉ፤ ሞተሩም ትናንት ሲነሣ ሰምተዋል።

«ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ይላሉ» አለኝ ልጁ።

«ይሄዳል በላቸው። የማልተማመንበት መቆሙን ነው።»

ተረጎመላቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ሌላ ነገር ተናገሩ፤ ልጁ ለመተርጎም አመነታ።

«ምን አሉ?»

«ሲያቃጥለው የነበረው እኮ አልሄድ ብሎ በመያዙ ነው፤ አሁን ደግሞ አይቆምም ትላለህ፤ የትኛው ነው እውነቱ? ነው የሚሉት።»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ጋራዥ ውስጥም ገጥሞኝ አያውቅም። ሁለቱም እውነት መሆኑን በልጁ አንደበት ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ልጓምና ስለ በቅሎ አፍም ጨመርኩበት። ምን ያህሉ እንደ ደረሳቸው አላውቅም። ሦስቱ መንገድ ወጥተው አይሱዙ ተሳፈሩ። አንዱ ተመልሶ ወደ ከብቱ ሄደ። እኒያ እናት ፍየሎቻቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንዴም ዞር ብለው አላዩኝም፤ ልጃቸው የሚጠብቀው ገንዘብ በሳምንት ዘገየ ማለት ነው። ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ ላበድራቸው በልጁ በኩል ጠይቄ ነበር፤ ፍየሉን ሸጦ ብድር መክፈል ከሆነማ ፍየሉ ለምን ይሸጣል ብለው መለሱኝ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም።

ቱቦዋ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ ተጠቅልላ ደረሰች። ካልተከፈተ ዶት 4 ጋር ነበር ያዘዝኳት፤ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ዘይት አየሩን ሲጠጣ የቆየ ነውና። መግጠሙ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ሸራዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገግ አደረግናቸው፤ የታምቡሩን ሆድ ጠረግን። አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አስወጣን፤ ቡና መስሎ ነበር የወጣው። አየሩን ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምረን እየተከታተልን አወጣን፤ እኔ ፔዳል፣ እሱ ቁልፍ። «ርገጥ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» እያለ ሲያዘኝ ደስ ብሎት ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ ወደ ወይጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ደጋግሜ ፍሬን እየያዝኩ ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳሁና ፎሌ ላይ ለቀቅሁት። ሄደ፤ ሄደ፤ ፍየሎች መንገድ እስኪያቋርጡ ድረስ ሄደ። ወርጄ አራቱንም ቸርኬ ዳሰስኩ፤ የፊቶቹ ሞቅ፣ የኋላዎቹ ለብ ያሉ ናቸው፤ ግራና ቀኙም እኩል ነው። በቀጣዩ ሐሙስ ቀይ አፈር ሄደን ተመለስን። እኒያ እናትም ተሳፍረው ነበር፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር የጋቢናውን ጣራ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ።

አሮጌዋን ቱቦ ጎሚስታው ለምኖኝ ወሰዳት። በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቋት የውስጧ ላስቲክ አብጦና ተላጦ እንደሚታይ አድርጎ ከሥራ ቦታው ምሰሶ ላይ በሚስማር መቷታል። ጎማ ሊያስለጥፍ የሚቆም ሾፌር ሁሉ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም መፍቻውን አስቀምጦ ከመጀመሪያው ይጀምርለታል።